የውሰት ዕቃዎች ካርታ

ነገሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ከወንዙ ዳር እስከ ጡብ ማቃጠያው ድረስ ባለው ሰፈር 214 ቤቶች አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የብልሃርዚያ መከላከያ ኪኒን መዋጥ የሚገባቸው 1,126 ሰዎች ይኖሩባቸዋል። ባለፈው ዙር የዋጡት 653 ናቸው፤ ከመቶ ሃምሳ ስምንት መሆኑ ነው። ከቀሩት 473 ሰዎች ውስጥ በ340ዎቹ ስም ትይዩ «እምቢ»፣ በ133ቱ ትይዩ ደግሞ «አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የማያውቅ።

ይህን ቆጥራ ያወጣችው የጤና ጣቢያው መዝጋቢ ናት። ጽሕፈቱ የአማቷ ነው።

አማቷ የሰፈሩ መድኃኒት አዳይ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው። ሥራው ደሞዝ የለውም። ያለው አንድ ሰማያዊ ቦርሳ፣ የሰው ቁመት እየተለካ የኪኒኑ ብዛት የሚታወቅበት ባለ ምልክት ዘንግ፣ ከዚያ በተረፈ ክብር ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ተነሥተው ፀጉራቸውን የሚያበጥሩት ለዚህ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ሰፈርተኛው በፊታቸው «እትዬ»፣ ዞር ሲሉ «እትዬ ቦርሳ» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል።

በዚያ ሰሞን ከመድኃኒት እደላው ተቆጣጣሪ ደብዳቤ መጣ። የሚቀጥለው ዙር ከአሥር ሳምንት በኋላ ይካሄዳል፤ ያን ጊዜ ከመቶ ሰባ አምስት ሰው ካልዋጠ ኪኒኑ ከዚያ ወዲያ ለተማሪዎች ብቻ ይሰጣል፣ አዳይዋም ቦርሳውን ያስረክባሉ ይላል። የጤና ጣቢያው ነርስ ሁለት ጊዜ አንብቦ ለመዝጋቢዋ አቀበላት።

«ለአማትሽ ማን ይነግራቸዋል?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ጀግና ነኝ አላልኩም።»

ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ያሳሰባት ግን ከደብዳቤው ይልቅ መዝገቡ ነበር። አንድ ሰው ኪኒን ቢፈራ ይገባታል፤ አሥርም ይሁን። 340 ሰው እንዴት አድርጎ ተስማማ? ደግሞ «እምቢ» የሚለው ቃል በመዝገቡ ላይ የተበተነ አልነበረም። አማቷ በሚኖሩበት በላይኛው የቤቶች ረድፍ ሦስት ገጽ ተገልጦ ሁለት ቢገኝ ነው፤ ወደ ጡብ ማቃጠያው ሲወርድ ገጹ ከላይ እስከ ታች እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ ነው።

«እምቢታ እንደ ጉንፋን ከቤት ወደ ቤት ይጋባል እንዴ?» አለችው ነርሱን።

«ቢጋባስ?»

«ከተጋባ በማን በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ይቻላል።»

በአንድ ሥልጠና ላይ አይታው ነበር። እያንዳንዱ ቤት አንድ ክብ ይሆናል፤ የሚቀራረቡ ቤቶች በመስመር ይያያዛሉ፤ ከዚያ ወሬም በሽታም መድኃኒትም የሚሄድበት መንገድ ፊት ለፊት ይታያል። ያረጁ የመድኃኒት ካርቶኖችን ዘርግታ፣ በፕላስተር አያይዛ፣ በጀርባቸው 214 ክብ ነደፈች። ከሥራ መልስ ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ሰው ሲታመምባችሁ፣ ምክር ስትፈልጉ፣ መጀመሪያ ማን ጋ ትሄዳላችሁ?»

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። መስመሮቹን ስታሰምር ካርቶኑ ላይ የጋሪ ጎማ የመሰለ ነገር ወጣ። ከ214 ቤቶች 139ኙ አማቷ ጋ እንሄዳለን ብለዋል። መሐል ላይ አንድ ክብ፣ ወደ እሱ የሚተሙ 139 መስመሮች።

መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ልቧ አላርፍ አለ። እምቢ ያሉት ቤቶችም እኮ እዚያው ውስጥ አሉ። ምክር ሲፈልግ ወደ እሳቸው እየሮጠ፣ ኪኒን ይዘው ሲመጡ እምቢ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ጠዋት ቁርስ ሲበሉ አማቷን እንደ ዘበት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ እርስዎስ ምክር ሲፈልጉ ማን ጋ ነው የሚሄዱት?»

«እኔ? ምክር ለምኔ?» አሉ። ኋላ አሰብ አደረጉና አሥራ አንድ ስም ጠሩላት። ሁሉም የላይኛው ረድፍ ጎረቤቶች ናቸው።

ካርቶኑን ለነርሱ ብታሳየው እስኪያስለው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«አንቺ የማን ምራት ነሽ?»

«የእሳቸው።»

«እና የእትዬ ቦርሳ ምራት በራፍ ላይ ቆማ፣ ደብተር ይዛ፣ ‹ማን ጋ ትሄዳላችሁ› ስትል ሰው ምን እንዲል ፈለግሽ? ‹አማትሽ ጋ አልደርስም› እንዲልሽ ነው? አንቺ የለካሽው ይሉኝታን ነው፣ እህቴ። እሱ ደግሞ ከመቶ መቶ የተዳረሰ ነው።»

ተናደደች፤ የተናደደችው ግን በራሷ ነው። የሦስት ሳምንት ልፋቷን ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው፤ ሁለት ቀን አስባ ጥያቄውን ለወጠች።

አዲሱ እንዲህ የሚል ነበር፤ «አሁን በዚህ ቤት የሰው ዕቃ ምን አለ? የእናንተስ ዕቃ ማን ቤት ነው ያለው?» ዕቃ ይሉኝታ አያውቅም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ስሙን ብቻ ተቀብላ አትሄድም፤ «እስቲ አሳዩኝ» ትላለች። ዕቃውን በዓይኗ ካየች በኋላ ከባለቤቱ ቤት ወደ ተዋሰው ቤት የሚሄድ ቀስት ታሰምራለች።

የሰፈሩ ጠባይ ያን ጊዜ ወጣ። አንዷ ገና «የሰው ዕቃ» ሲባል ሰማች፣ ሳፋ ላይ ነጠላዋን ጣለችበት። «ልታስለቅቂኝ ነው የመጣሽው?» አለች። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ደብተሩን በአንገቱ አሻግሮ ለማንበብ ሲሞክር ቆየና፣ «መጋዜ ማን ቤት እንዳለ ከነገርሽኝ ያንን ኪኒናችሁን ሁለት ዓመት የሚበቃኝን ዛሬውኑ እውጣለሁ» አለ። አልነገረችውም። አንድ የሕፃን አልጋ አገኘች፤ በሰባት ቤት ዞሮ ስምንተኛው ቤት የደረሰ፣ ሰባት ልጅ ያሳደገ አልጋ። የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ የተኛበት ልጅ እናት አታውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ጣጣ መጣ። መዝጋቢዋ የሰው ዕቃ እየቆጠረች ነው የሚለው ወሬ ቀድሟት ስለሚደርስ ሰዉ ዕቃ መመለስ ጀመረ። ወንፊቱ፣ መዶሻው፣ የጎማ መንፊያው ከቤት ወደ ቤት ይሮጣል። መጠየቋ ብቻውን የምትለካውን ነገር እያፈረሰው ነበር። በእያንዳንዱ ቀስት ጎን ያየችበትን ቀን ጻፈች፤ ከመምጣቷ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት የተመለሰም ካለ እየጠየቀች በነጠብጣብ አሰመረች። በሁለት ሳምንት ተኩል 271 ዕቃ መዘገበች።

ከሁሉም ይበልጥ የዞረው የአናጢው መሰላል ነው። በአራት ወር ውስጥ በአሥራ ዘጠኝ ቤት አልፏል። መሰላሉ እንዲህ ከሆነ ባለቤቱ መቼም የሰፈሩ ቁልፍ ሰው መሆን አለበት ብላ፣ አዲስ አዳይ ያገኘች መስሏት፣ እየተቻኮለች ሄደች።

«መሰላልህ የት ነው ያለው?»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። «እኔን ትጠይቂኛለሽ? ከክረምት ወዲህ አይቼው አላውቅም። ደህና ነው?»

«ለማን ነበር ያዋስከው?»

«ለጎረቤቴ። እሱ ለማን እንደሰጠ የእሱ ጉዳይ ነው። አሁንማ እኔም መውጣት ሲያምረኝ የሰው መሰላል ነው የምዋሰው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቱን ትታ መሰላሉን ተከተለች። ከቤት ቤት እየጠየቀች፣ ማን ለማን እንደሰጠ እየጻፈች ወረደች። ላይኛው ረድፍ ውስጥ ብዙ ተመላልሷል። ወደ ጡብ ማቃጠያው የተሻገረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያሻገረችውም አንዲት ጡብ ደርዳሪ ናት። መሰላሉ የእሷ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ተገኘ።

ጡብ ደርዳሪዋ እስከ ክንዷ ቀይ አቧራ ለብሳ ነበር። በርጩማ አቀረበችላት። መዝጋቢዋ መዝገቡን ገለጠች፤ በሴትዮዋና በአምስት ቤተሰቧ ስም ትይዩ «እምቢ» ይላል።

«ባለፈው ዙር ኪኒኑን ለምን እምቢ አላችሁ?»

«ማን ሰጥቶን?»

«መዝገቡ እምቢ አሉ ነው የሚለው።»

«እምቢ የምለው እኮ እንካችሁ ስባል ነው። እትዬ በመንገዱ ጫፍ ላይ ቆመው ‹መድኃኒት ደርሷል› ብለው ጮክ ይላሉ፤ ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ይሄዳሉ። እኛ ለላይኛው ረድፍ የመጣ ነው የመሰለን። ለእኛ ቢሆን ኖሮ ገባ ይሉ ነበራ።»

መዝጋቢዋ «እምቢ» የተጻፈባቸውን ሌሎች አሥር ቤቶች ጠየቀች። ከአሥሩ ቤቶች አንዱ ብቻ በእርግጥ ኪኒን ቀርቦለት እምቢ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ጤና ጣቢያ ተመልሳ ቆጠራውን ሠራች። ከአማቷ ቤት ተነሥቶ አንድ ቤት ለመድረስ የቀስቱን አቅጣጫ ሳትለይ ስንት ቀስት መሻገር እንደሚያስፈልግ ለያንዳንዱ ቤት አሰላች። እስከ አራት ቀስት ድረስ ባሉ ቤቶች ከ548 ሰዎች 501ዱ ውጠዋል። በአምስትና በስድስት ቀስት ካሉት 214 ሰዎች 98ቱ። ከዚያ በራቁትና ጭራሽ ምንም ቀስት በሌላቸው ቤቶች ግን ከ364 ሰዎች 54ቱ ብቻ። ኪኒኑ ወንፊትና መዶሻ የሚሄዱበትን መንገድ ተከትሎ ሄዷል፤ እነሱ ሲቆሙ ቆሟል። የምታስበው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ደስታ አልተሰማትም። እሑድን ጠበቀች።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለቴ ብቅ ቢል ነው፤ ቤቱ የሁለት ሴቶች ነው። እሑድ ጠዋት ጠረጴዛውን ጠርጋ ካርቶኑን ዘረጋችው፤ አጠገቡ ደብዳቤውን አኖረች። አማቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ደብዳቤውን አንብበው ገለበጡት።

«ይኼስ ምንድን ነው? የሸረሪት ድር?»

«ሰፈሩ ነው፣ እማማ። ማን ከማን ዕቃ እንደሚዋዋስ።»

«እኔ የት ነኝ?»

አሳየቻቸው።

«ይቺ? ጥግ ላይ ያለችው?» ጎንበስ አሉ። «ሁለት መስመር ብቻ? ደግሞ ሁለቱም የሚገቡ እንጂ የሚወጣ የለም።»

«የሚገቡት ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ጎረቤት የተዋስናቸው ናቸው። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

«ከእኔ ቤት ዕቃ የሚዋስ ሰው የለም?»

«ይፈሩዎታል።»

«ምኔን ነው የሚፈሩት?»

«ዕቃዎ ንጹሕ ነው፣ እማማ። ሰው ቆሽሾ ይመለስ ይሆናል ብሎ ይሰጋል።»

አማቷ ፈገግ አላሉም። መዝጋቢዋ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፤ የቀስቶቹን ቁጥር፣ የጡብ ደርዳሪዋን ቃል፣ የአሥሩን ቤቶች። የአማቷ ፊት ተቋጠረ።

«እኔ ዋሽቼ ጻፍኩ ነው የምትዪኝ?»

«አልዋሹም። ጠርተዋል፤ አልመጡም፤ እምቢ አሉ ብለው ጻፉ።»

«ሳይጠሩኝ የማንም ቤት ዘው ብዬ ገብቼ አላውቅም። እንደዚያ አይደለም ያሳደጉኝ። አሥራ አንድ ዓመት በፀሐይ የቆምኩት ለዚህ ነው? ይኸው፣ ቦርሳውን ውሰጂው!»

ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ፣ ካርቶኑ መሐል ላይ አረፈ። መዝጋቢዋ አልነካችውም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አልተነጋገሩም። አማቷ የሚሉት ካላቸው ለድስቱ ይነግሩት ነበር። «እዚህ ቤት ጨው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢናገር ጥሩ ነው» ይላሉ ክዳኑን እያዩ። መዝጋቢዋ ጨውን ታቀርባለች፤ ምስጋናው ለድስቱ ይደርሳል። ቦርሳው ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ ዙሪያውን ነው የሚበሉት።

በአራተኛው ቀን መዝጋቢዋ በጤና ጣቢያው መስኮት አማቷን አየቻቸው። ባዶ እጃቸውን ናቸው። መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ሁልጊዜ የሚቆሙበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ ወደ ጡብ ማቃጠያው ወረዱ። ተነሥታ ልትከተላቸው እግሯ በላት፤ ነገር ግን ወረፋ የያዙ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩና ተቀመጠች። ያን ቀን ሁለት ካርድ ላይ የተሳሳተ ዕድሜ ጻፈች፤ እሷ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራትም።

ቤት ስትገባ በሩ ጥግ አንድ የማታውቀው አካፋ ተደግፏል። ስለቱ ላይ ቀይ አቧራ አለ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ እማማ?»

«አካፋ ነዋ። አታውቂም?» ለእሷ የተነገረ የአራት ቀን የመጀመሪያ ቃል ነው። «ከዚያች ጡብ ደርዳሪ ተውሼ መጣሁ።»

«እኛ እኮ አካፋ አለን።»

«አውቃለሁ። ሰው ቤት ባዶ እጅ ዘው ከማለት ዕቃ ፈልጌ ነው ማለት አይሻልም? ገባሁ፤ ተቀመጥኩ። ውኃ አጠጣችኝ። የአካፋዋ እጀታ ላልቷል፣ አስጠግኜ ነው የምመልስላት። እሷም አብራኝ መጥታ ካውያዬን ይዛ ሄዳለች። በይ ካርታሽ ላይ ጻፊው።»

መዝጋቢዋ አመነታች። ምዝገባው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ቀስት ከሌሎቹ ጋር ሊደመር አይገባም። በቀይ አሰመረችው፤ ቀኑንም ጻፈችበት። አንድ የሚገባ፣ አንድ የሚወጣ። አማቷ ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከትለው አዩት።

«አሁን ምን አስበሻል?»

ሐሳቧን ነገረቻቸው። ካርታው ሰፈሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከየክፍሉ ከሁሉም ይበልጥ ዕቃ የሚሰጥም የሚቀበልም አንድ ሰው አለ። በጡብ ማቃጠያው በኩል ጡብ ደርዳሪዋ፣ በመካከለኛው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ፣ በላይኛው ረድፍ ልብስ ሰፊዋ። ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ብትሰጥ ማንም ከሦስት ቀስት በላይ አይሄድም።

«እና እኔ?»

መዝጋቢዋ ለዚህ መልስ ሳታገኝ ነበር የከረመችው። አማቷ ካርቶኑን እያዩ ቆዩና ጣታቸውን ታች ጥግ ላይ አሳረፉ።

«እነዚህስ? መስመር የላቸውም።»

«ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያሉ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። ዘጠኝ ቤት፣ 38 ሰው። ገና የመጡ ናቸው፤ ከማንም ጋር ዕቃ አይዋዋሱም፣ እርስ በርሳቸውም ጭምር። ለማን እንደምሰጣቸው አላወቅሁም።»

«ለእኔ ስጪኝ።»

«እማማ፣ እዚያ እኮ የሚጠራ የለም። ራስዎ ካልገቡ…»

«ሰማሁሽ። ስጪኝ አልኩ።»

ሦስቱን አዳዮች ያሠለጠኑት ራሳቸው ናቸው። ዘንጉን እንደ ወታደር አቁመው፣ «ጫማ ይውለቅ! በጫማ የለካ ሰው ኪኒን ያበዛል። ደግሞ ምግብ ያልቀመሰ አይውጥም፤ ኋላ ሲያዞረው እናንተን ነው የሚረግመው» እያሉ። ትኬት ቆራጩ «እትዬ፣ ቁጡ እኮ ነዎት» ቢላቸው፣ «አንተን እንጂ ኪኒኑን አልቆጣሁም» አሉት።

የማደያው ሳምንት ሲደርስ መዝጋቢዋ ውኃና መዝገብ ይዛ ከአማቷ ጋር ወደ ኪራይ ክፍሎቹ ሄደች። የመሰንጠቂያው ድምፅ ሰው አያሰማም። መንገድ ላይ ቆሞ መጣራት እዚያ ከንቱ ነው። አማቷ የመጀመሪያው በር ጋ ደርሰው ቆሙ። ልብሳቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መዝጋቢዋ ሰዓቷን አየች፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሆኗል። አንኳኩላቸዋለሁ ብላ እጇን ስታነሣ አማቷ ቀድመው አንኳኩ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የወንድ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

በዚያ ሰፈር እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። አማቷ ወደ ምራታቸው ዞር አሉ፤ ከዚያ በሩን ተመለከቱ።

«መድኃኒት አዳይ ነኝ። ልግባ?»

በሩ ተከፈተ፤ ገቡ።

ዙሩ በሰባት ቀን አለቀ። መዝጋቢዋ ድምሩን ሦስት ጊዜ ደመረች፤ አንዱን ጊዜ ነርሱ እያነበበላት። ከ1,126 ሰዎች የዋጡት 931 ናቸው፤ ከመቶ 82.7። «እምቢ» 64፣ «አልተገኘም» 131። የኪራይ ክፍሎቹ ገጽ በዚያው ቀጥ ባለ ጽሕፈት ለብቻው ተጽፏል፤ ከ38 ሰዎች 27ቱ ውጠዋል፣ አምስቱ ሦስት ጊዜ ተሂዶባቸው አልተገኙም፣ ስድስቱ እምቢ ብለዋል፤ በስድስቱም ስም ትይዩ እምቢ ያሉበት ምክንያት በራሳቸው ቃል ሰፍሯል።